አንድ ስም፣ ብዙ መዝገብ፦ የተደጋጋሚ ቁልፎች አጭር ታሪክ

በመሥሪያ ቤት የሚገኝ ማናቸውም የሠራተኞች ወይም የደንበኞች መዝገብ ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል። አንደኛው «ይህ ሰው ማን ነው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «በዚህ ስም የሚጠሩት እነማን ናቸው?» የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ የሁለተኛው ግን አንድም አሥርም ሊሆን ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው፣ የንግድ ሥራ ፕሮግራም ቋንቋ የሆነው ኮቦል እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለይቶ የያዘበት መንገድ ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮምፒዩተር ለሒሳብና ለደመወዝ ሥራ መዋል በጀመረበት ዘመን መረጃ የሚቀመጠው በተበሱ ካርዶችና በማግኔት ቴፕ ላይ ነበር። ቴፕ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ የሚነበብ በመሆኑ መዝገቦቹ አስቀድመው በቁልፋቸው ቅደም ተከተል ይደረደሩ ነበር። ስለዚህም ተመሳሳይ ቁልፍ ያላቸው መዝገቦች ጎን ለጎን ይውሉና ፕሮግራሙ አንዱን ካነበበ በኋላ ሌላውን ሳያገኝ አያልፍም ነበር። በ1956 አይ ቢ ኤም ራማክ 305 የተባለውን ኮምፒዩተር አቀረበ፤ የዚህ መሣሪያ ዲስክ 50 ሳሕኖች የነበሩትና 5 ሚሊዮን ፊደላት የሚይዝ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ በቀጥታ ወደሚፈለገው መዝገብ መሄድ ቻለ። ፍጥነት ተገኘ፤ ጎረቤትን እያዩ የማለፍ ልማድ ግን ቀረ።

ኮቦል በ1959 በተቋቋመው በኮዳሲል ጉባኤ ተጠንስሶ በ1968 የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ወጣለት። ማውጫ ያለው ፋይል በደረጃው ውስጥ የገባው ግን በ1974 ነው። በዚህ ደንብ መሠረት የፋይሉ ዋና ቁልፍ ፈጽሞ ሊደገም አይችልም። ከዋናው ሌላ ተለዋጭ ቁልፍ ማበጀት ይቻላል፤ እርሱም የሚደገመው ፕሮግራመሩ «ዊዝ ዱፕሊኬትስ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ሲጽፍ ብቻ ነው። ቃላቱ ካልተጻፉ ተደጋጋሚውን መዝገብ ለማስገባት የሚደረገው ሙከራ ውድቅ ይሆናል። ከተጻፉ ግን መዝገቡ ይገባል፤ የሁኔታ ቁጥሩም 02 በመሆን «ሥራው ተሳክቷል፤ ሆኖም ተመሳሳይ ቁልፍ አለ» ብሎ ያስታውቃል።

አሠራሩን በምሳሌ እንመልከት። በአንድ የደመወዝ ፋይል ዋናው ቁልፍ የሠራተኛው መለያ ቁጥር፣ ተለዋጩ ደግሞ ስሙ ነው እንበል፤ አበበ ከበደ የሚባሉ ሦስት ሠራተኞችም አሉ። ፕሮግራሙ በስም እንዲያነብ ሲታዘዝ የሚያቀርበው አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱም በዚያ ስም አስቀድሞ የተመዘገበው ነው። የቀሩትን ለማግኘት «ሪድ ኔክስት» በሚለው ትእዛዝ በተራ መቀጠል ያስፈልጋል፤ እነርሱም በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል ይመጣሉ። ፋይሉ ግን በሦስተኛው አበበ ላይ አይቆምም፤ ወደሚቀጥለው ስም ይሻገራል፣ እስከ ፋይሉ መጨረሻም ይዘልቃል። እያንዳንዱን ስም ከተፈለገው ጋር እያስተያየ የሚያቆመው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። ፈጥኖ ያቆመ የአንዱን የደመወዝ ጭማሪ ለሌላው ይሰጣል፤ ዘግይቶ ያቆመ ደግሞ የአንዱን ዕዳ ከማያውቀው ሰው ላይ ይቆርጣል። በሁለቱም ጊዜ ኮምፒዩተሩ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ስሕተቱ የተሠራው ከትእዛዙ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ይልቁንም የቀረበ ነው። የኢትዮጵያውያን ሁለተኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ ባለመሆኑና የተለመዱ ስሞች በየትውልዱ ስለሚደጋገሙ፣ በስም የተሠራ ቁልፍ መደገሙ የሚጠበቅ ነው። በአንጻሩ ደግሞ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለፋይሉ ሁለት ቁልፎች ናቸው፤ ያው ሰው በአንዱ አጻጻፍ ተመዝግቦ በሌላው ቢፈለግ አይገኝም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ሰውን ከሰው የሚለየውን ቁጥር ግን የሚሰጠው መዝገብ ቤቱ ነው።

በ1970 ኤድጋር ኮድ ያቀረበው የሰንጠረዥ ሥርዓት ከተስፋፋ በኋላ ነገሩ በከፊል ተለወጠ። ዲ ቢ 2 በተባለው የአይ ቢ ኤም ዳታቤዝ፣ አንድ መዝገብ ብቻ እንዲሰጥ የተጠየቀው ሥርዓት ከአንድ በላይ ሲያገኝ የመጀመሪያውን ዝም ብሎ አሳልፎ በመስጠት ፈንታ -811 የሚል የስሕተት ቁጥር ይመልሳል። ፕሮግራመሩም ከርሰር ከፍቶ፣ መዝገቦቹ ማለቃቸውን የሚያመለክተው +100 እስኪመጣ ድረስ አንድ በአንድ ማንበብ አለበት። ማቆሚያውን አሁን ሥርዓቱ ራሱ ያስታውቃል፤ ከተገኙት መካከል የሚፈለገውን መለየት ግን እንደ ቀድሞው የፕሮግራሙ ኀላፊነት ነው።

የኮቦል ደረጃ በ2023 እንደገና ታድሷል፤ ከአሥርተ ዓመታት በፊት የተጻፉ ፕሮግራሞችም በብዙ አገሮች በባንክና በመድን ሥራ ላይ ናቸው። እነዚህን የሚጠብቅ ባልደረባ በስም የሚያነብ ትእዛዝ ባገኘ ቁጥር ሦስት ነገሮችን ቢመረምር ይበጃል፦ ስንት መዝገብ ሊመጣ ይችላል? በምን ቅደም ተከተል ይመጣል? ንባቡስ የት ላይ ይቆማል? ገንዘብ የሚከፈለው ወይም የሚቆረጠው ደግሞ በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ይሁን።