ማስረጃ ሰውን ይለውጣልን? የዱ ቦይስ ጥያቄ



በማስተምርባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ ደጋግመው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ጥናታችን ምን ይለውጣል?» የሚል። ዛሬ ለዚህ ጥያቄ በሕይወታቸው መልስ የፈለጉ አንድ ቀደምት የሶሲዮሎጂ ሊቅ አነሣለሁ፤ እኚህም ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ዱ ቦይስ በ1868 በማሳቹሴትስ ተወለዱ። በርሊን ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1895 ከሃርቫርድ ዶክትሬት ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆኑ። በማግሥቱ ዓመት የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊላዴልፊያን ጥቁሮች ኑሮ እንዲያጠኑ ቀጠራቸው። የተሰጣቸው ማዕረግ ዝቅተኛ ነበር፤ የሚያስተምሩት ክፍልም አልነበራቸውም። ከባለቤታቸው ጋር በሰባተኛው ወረዳ ገብተው ተቀመጡ፤ መጠይቃቸውን ይዘውም ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ ወደ 2,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ራሳቸው አነጋገሩ።

ውጤቱ በ1899 የታተመው «ዘ ፊላዴልፊያ ኒግሮ» ነው። በዘመኑ ብዙዎች ድህነትንና ወንጀልን ከዘር የሚወረስ ጠባይ አድርገው ይቈጥሩ ነበር። ዱ ቦይስ ግን ጠባይ የተባለውን ነገር ታሪክ እንዳለው አሳዩ። የወረዳው ነዋሪ አብዛኛው ከሌላ ቦታ፣ በተለይም ከደቡብ የፈለሰ ነበር፤ ባርነት የተወው ጠባሳ ገና አልሻረም፤ ሙያ ያለው ሰው እንኳ በቆዳው ቀለም ከሥራ ይገፋ ነበር። ደግሞም ከውጭ ሲያዩት አንድ ወጥ የሚመስለው ሕዝብ በኑሮው የተለያዩ መደቦች እንዳሉት ገለጹ። እርግጥ ነው፣ በድሃው ድሃ ላይ የሰነዘሩት ፍርድ አንዳንዴ ይከብዳል። እኔም ይህን ሳልሸሽግ ነው መጽሐፉን የማስተምረው።

በዚያ ወቅት የዱ ቦይስ እምነት ግልጽ ነበር፦ የዘር ጥላቻ ምንጩ አለማወቅ ነው፤ እውነቱ በጥንቃቄ ተጠንቶ ከቀረበ ሰው አስተያየቱን ያስተካክላል። በዚህ ተስፋ ወደ አትላንታ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ተከታታይ ጥናቶችን መምራት ጀመሩ።

በ1899 ሚያዝያ ወር በጆርጂያ ሳም ሆስ የተባለ ጥቁር ሠራተኛ አሠሪውን ገድሏል ተብሎ ተከሰሰ። ዱ ቦይስ ጉዳዩን በማስረጃ የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጅተው ወደ አንድ የአትላንታ ጋዜጣ ቢሮ በእግር ጉዞ ጀመሩ። መንገድ ላይ ሳሉ ሳም ሆስ ያለ ፍርድ በደቦ እንደ ተገደለ፣ የጣቶቹ አጥንትም በአንድ ሱቅ ለእይታ እንደ ተቀመጠ ሰሙ። ጽሑፉን ሳያደርሱ ከመንገድ ተመለሱ።

እኔ የዱ ቦይስን ሶሲዮሎጂ የማነበው ከዚህ መመለስ ጀምሮ ነው። እንዲህ ያለውን ግፍ ያዩ ሰዎች የጎደላቸው መረጃ ብቻ አልነበረም። በ1940 ባሳተሙት «ደስክ ኦቭ ዶውን» ዱ ቦይስ የቀድሞ እምነታቸውን መልሰው መረመሩ። ከአለማወቅ ሥር ሰው ራሱ የማያስተውለው፣ ከልጅነት የተዋሐደው ልማድ አለ፤ ከልማዱም ጋር ከሌላው መገፋት የሚገኝ ጥቅም አለ። ልማድ በአንድ ጽሑፍ አይሻርም፤ ጥቅምም በክርክር ብቻ አይለቅም። በ1910 አትላንታን ለቀው «ዘ ክራይሲስ» የተሰኘውን መጽሔት ወደ ማዘጋጀት የዞሩትም ዕውቀት የሚሟገትለት ድምፅ እንደሚያስፈልገው ስለ ተረዱ ነው።

ከዚህ «ቆጠራው ከንቱ ነበር» ብሎ የሚደመድም ተማሪ ግን ይሳሳታል። ዱ ቦይስ ምርምርን አልተዉም፤ «ብላክ ሪኮንስትራክሽን» የተሰኘውን ታላቅ የታሪክ ሥራቸውን በ1935፣ በ67 ዓመታቸው አሳተሙ። የሰባተኛው ወረዳ ጥናትም ባይኖር ኖሮ፣ ዛሬ ስለዚያ ሕዝብ የሚነግረን በአብዛኛው የናቁት ሰዎች ቃል በሆነ ነበር።

እንግዲህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ማስረጃ ብቻውን ሰውን አይለውጥም፤ ሊለወጥ የሚሻ ሰው ግን ያለ ማስረጃ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። በየደጁ እየዞራችሁ ስትጠይቁ በትክክል ጠይቁ፤ መልሱን የሚሰማ ሰው ለምን እንደማይሰማም አብራችሁ አጥኑ።