«የታቀደ ስጦታ»፦ የቃሉ ፍቺና የሥራው ይዘት በሊበራል አርትስ ኮሌጅ

«የታቀደ ስጦታ» በአሜሪካ የበጎ አድራጎትና የትምህርት ተቋማት ዘንድ «ፕላንድ ጊቪንግ» ለሚባለው አሠራር የቀረበ የአማርኛ ስያሜ ነው። ሰጪው በሕይወት ሳለ ወስኖ በሕግ ሰነድ የሚያጸናውን፣ ሀብቱ ግን በአብዛኛው ከዓመታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ሰጪው ካረፈ በኋላ ለተቋሙ የሚደርሰውን ስጦታ ያመለክታል። ከተለመደው ዓመታዊ መዋጮ የሚለየው በጊዜው ብቻ ሳይሆን በምንጩም ነው፤ መዋጮ ከደመወዝና ከዕለት ገቢ ሲቀነስ፣ የታቀደ ስጦታ የሚወጣው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ካጠራቀመው ጥሪት፣ ማለትም ከቤት፣ ከአክሲዮን፣ ከጡረታ ቁጠባና ከሕይወት መድን ነው። በመሆኑም የልጆችን ውርስ፣ የመንግሥትን ግብርና የራስን የእርጅና ዘመን ኑሮ አብሮ ሳያሰሉ ሊወሰን አይችልም፤ «የታቀደ» የሚለው ቅጽል የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሎች ስያሜዎችም ሊታሰቡ ይችላሉ። «የኑዛዜ ስጦታ» ለጆሮ የሚስማማ ቢሆንም፣ ኑዛዜ ከመንገዶቹ አንዱ ብቻ ስለሆነ ሰጪው በሕይወቱ ገቢ የሚያገኝባቸውን ውሎች ከትርጉሙ ውጭ ያስቀራቸዋል። «የዘገየ ስጦታ» ደግሞ ቀደም ሲል በእንግሊዝኛው ይሠራበት ለነበረው «ዲፈርድ ጊቪንግ» የቀረበ ፍቺ ነው፤ ሆኖም መዘግየት በአማርኛ የጥፋት ስሜት ስላለው ዛሬ በሙሉ ልብ የተወሰነን ነገር ያሳንሳል። «ስጦታ» የሚለው ስም ግን በሕግ ቋንቋ የጸና መሠረት አለው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ስጦታን ራሱን የቻለ የውል ዓይነት አድርጎ ከመደንገጉም በላይ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት በስጦታ ሲተላለፍ ሰነዱ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ በተወሰነው ፎርም እንዲዘጋጅ ያዛል። ስጦታና ኑዛዜ በሕጉ ውስጥ እንዲህ የተቀራረቡ ስለሆኑ፣ አዲሱ ስያሜ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይሆንም።

አሠራሩ ሥር ከሰደደባቸው ተቋማት መካከል ሊበራል አርትስ ኮሌጆች ይገኙበታል። ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የሚባለው በአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የሚሰጥ፣ የተማሪው ቁጥር አነስተኛ የሆነ፣ ተማሪውም በአንድ ሙያ ከመወሰኑ በፊት ታሪክን፣ ሒሳብን፣ ሥነ ጽሑፍን፣ የተፈጥሮ ሳይንስንና ፍልስፍናን ጎን ለጎን እንዲማር የሚያደርግ ተቋም ነው። አንድ መምህር ጥቂት ተማሪዎችን በቅርብ የሚያስተምርበት ይህ ሥርዓት ወጪው ከባድ ስለሆነ፣ የትምህርት ክፍያ ብቻውን አይበቃውም፤ ጉድለቱን ከሚሞሉት ምንጮች ዋነኛው ኢንዶውመንት የሚባለው ቋሚ ገንዘብ ነው። ይህ ገንዘብ በኢንቨስትመንት ላይ ውሎ ለዘለቄታው እንዲቆይ የሚታሰብ ሲሆን፣ ኮሌጁ በየዓመቱ ለሥራ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ከዋጋው ከ4 እስከ 5 በመቶ የሚሆነውን ብቻ ነው። የታቀዱ ስጦታዎችም በአብዛኛው የሚገቡት ወደዚሁ ቋሚ ገንዘብ ነው።

እንዲያውም ከእነዚህ ኮሌጆች አንዳንዶቹ ራሳቸው በኑዛዜ የተወለዱ ናቸው። ሶፊያ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1870 ስታርፍ ሀብቷን ለሴቶች ከፍተኛ ትምህርት በመናዘዟ፣ በማሳቹሴትስ ኖርዛምፕተን ከተማ ስሚዝ ኮሌጅ በ1871 ሕጋዊ ፈቃድ አግኝቶ በ1875 በ14 ተማሪዎች ሥራ ጀመረ፤ በፔንሲልቫኒያ የሚገኘው ብሪን ማር ኮሌጅም በ1885 የተከፈተው በሐኪሙ በጆሴፍ ቴይለር ኑዛዜ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ የሰጪዎቹ የግል ውሳኔዎች ነበሩ። ኮሌጁ ራሱ ተነሥቶ፣ ባለሙያ መድቦና የሕግ መንገዶችን አዘጋጅቶ ሰጪዎችን ማነጋገር የጀመረበት ዘመን ሲጠቀስ ስሙ ከፊት የሚነሣው በካሊፎርኒያ ክሌርሞንት የሚገኘው ፖሞና ኮሌጅ ነው፤ በ1940ዎቹ በአለን ሃውሊ አመራር «የፖሞና ዕቅድ» በሚል ስም የተዘረጋው ሥርዓት፣ ሰጪዎች ሀብታቸውን ለኮሌጁ አስረክበው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ገቢ እንዲያገኙ በማድረጉ ለሌሎች ኮሌጆች አርአያ ሆኗል።

ከመንገዶቹ ሁሉ ቀላሉና የተለመደው ኑዛዜ ነው፤ ሰጪው እስኪያርፍ ድረስ ሊሽረው ወይም ሊያሻሽለው ይችላል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው «የስጦታ የዕድሜ ልክ አበል» ሊባል የሚችለው ውል ግን አይሻርም። ሰጪው ገንዘብ ወይም አክሲዮን ለኮሌጁ ያስረክባል፤ ኮሌጁም ሰጪው በሕይወት እስካለ ድረስ በየዓመቱ የማይለወጥ ገንዘብ ሊከፍለው ይገባለታል፤ ሰጪው ሲያርፍ የቀረው ለኮሌጁ ይውላል። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው፤ ሠዓሊው ጆን ትረምቡል እ.ኤ.አ. በ1831 ሥዕሎቹን ለዬል ያስረከበው በየዓመቱ 1,000 ዶላር እንዲከፈለው ተዋውሎ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ 1843 ድረስ በሕይወት ቆይቷል። ዛሬ የአበሉን መጠን ለማስላት አብዛኞቹ ተቋማት የሚከተሉት በ1927 የተመሠረተው የአሜሪካ የስጦታ አበል ምክር ቤት የሚያወጣውን ሠንጠረዥ ነው። በሠንጠረዡ መሠረት የሰጪው ዕድሜ በገፋ መጠን የአበሉ መቶኛ ከፍ ይላል፤ ስሌቱም በአማካይ ከመጀመሪያው ስጦታ ግማሽ ያህሉ ለተቋሙ እንዲቀር ታስቦ የተቀመረ ነው። እዚህ ላይ በቀላሉ የማይታለፍ ኃላፊነት አለ፤ ለዚህ ክፍያ ዋስትናው የኮሌጁ ጠቅላላ ሀብት ስለሆነ፣ ሰጪው ከተገመተው በላይ ቢኖር ወይም ገበያው ቢወድቅ ኮሌጁ ከሌላ ገንዘቡ ይከፍላል እንጂ አበሉን አይቀንስም።

ከፍ ላለ ሀብት የሚያገለግለው ሦስተኛው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1969 የአሜሪካ የግብር ማሻሻያ ሕግ መልክ የያዘው አደራ ነው። ሰጪው ንብረቱን ለባለአደራ ያስተላልፋል፤ ባለአደራው ለሰጪው ወይም ሰጪው ለመረጠው ሰው ዕድሜ ልክ ወይም ከ20 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ገቢ ይከፍላል፤ ዓመታዊ ክፍያውም ከ5 በመቶ ማነስ አይችልም፤ ቀሪው ሀብት በመጨረሻ ለኮሌጁ ይተላለፋል። ስለዚህ በአማርኛ «ቀሪው ለበጎ አድራጎት የሚውል አደራ» ቢባል ይዘቱ በስሙ ይታያል። የጡረታ ቁጠባ ደግሞ በኑዛዜ ሳይሆን በተጠቃሚ መሰየሚያ ቅጽ የሚተላለፍ በመሆኑ ለብቻው ይታያል፤ በአሜሪካ ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንም የጡረታ ቁጠባ ሲከፍቱ የሚሞሉት ይህንኑ ቅጽ ነው። ልጆች ከዚህ ቁጠባ የሚወርሱት በአብዛኛው የገቢ ግብር የሚከፈልበት ሲሆን ከግብር ነፃ የሆነው ኮሌጅ ግን ሙሉውን ስለሚወስድ፣ ቤቱን ለልጆች፣ የጡረታ ቁጠባውን ለኮሌጁ ማድረግ ብዙ ጊዜ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ዕድሜው 70 ዓመት ከመንፈቅ የሞላው ባለሂሳብም ከግል የጡረታ ሂሳቡ ላይ፣ ሕጉ እስከሚፈቅደው ዓመታዊ ጣሪያ ድረስ፣ በቀጥታ ለኮሌጁ ቢያስተላልፍ ገንዘቡ እንደ ገቢ አይቆጠርበትም።

እንዲህ ያለውን ፕሮግራም የሚመራ ኃላፊ የሕግና የግብር ዕውቀት ያስፈልገዋል፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን የሰው ዕውቀት ነው። የታቀደ ስጦታ የሚያደርጉት ሁልጊዜ ባለጠጎች አይደሉም፤ ለሠላሳ ዓመት ሳያቋርጡ በየዓመቱ አነስተኛ ገንዘብ የላኩ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ከእነዚህ መካከል ናቸው፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ኃላፊ በመዝገቡ ላይ የሚመለከተው ከስጦታው መጠን ይልቅ ጽናቱን ነው። ሰጪዎችን በየቤታቸው ይጎበኛል፤ ስለ ኮሌጁ ሕጋዊ ስምና ስለ ስጦታው ዓላማ በሰነድ ላይ የሚሰፍረውን ቃል ያቀርባል፤ ኮሌጁ ምን ዓይነት ንብረት እንደሚቀበል የሚወስነውን መመሪያ ከገንዘብ ክፍሉና ከቦርዱ ጋር ያዘጋጃል፤ ዛሬ ያነጋገረው ሰው ስጦታ ኮሌጁ የሚደርሰው እሱ ራሱ ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ሊሆን እንደሚችልም ያውቃል። ሥራውን በዓመት በገባ ገንዘብ ብቻ የሚመዝን የኮሌጅ አስተዳደር የዘርፉን ባሕርይ አልተረዳም።

ሰጪዎቹ በአብዛኛው አረጋውያን ስለሆኑ ጥንቃቄው ጥብቅ ሊሆን ይገባል። የኮሌጁ ባለሙያ ሰነድ አዘጋጅና አስፈራሚ መሆን የለበትም፤ ሰጪው የራሱን ጠበቃ እንዲያማክር፣ ቢቻልም ልጆቹ እንዲያውቁት ይመክራል። የሙያ ማኅበራት የሥነ ምግባር ደንብም ባለሙያው ካስገኘው ስጦታ በመቶኛ እንዲከፈለው አይፈቅድም፤ ከስጦታው ድርሻ ያለው ሰው «ይህ ለእርስዎ አይበጅም» ለማለት አንደበቱ ይታሰራልና ይህ እጅግ ተገቢ ክልከላ ነው።

ሌላው ከባድ ጉዳይ ሰጪው የሚያስቀምጠው ገደብ ነው። በቨርጂኒያ የሚገኘው ስዊት ብራየር ኮሌጅ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1900 ባረፈችው በኢንዲያና ፍሌቸር ዊሊያምስ ኑዛዜ ሲሆን፣ ኑዛዜው ኮሌጁን ለነጭ ሴቶች ብቻ ወስኖት ስለነበር ገደቡ የተነሣው በ1960ዎቹ በፍርድ ቤት ክርክር ነው። በ2015 ደግሞ ቦርዱ በገንዘብ ችግር ኮሌጁን ለመዝጋት ሲወስን፣ ተቃዋሚዎቹ ውሳኔውን ለመሞገት የያዙት ይኸንኑ የአንድ መቶ ዓመት ሰነድ ነበር፤ ክርክሩ በስምምነት አልቆ ኮሌጁ ሥራውን ቀጥሏል። አንድ ሰነድ በአንድ በኩል ተማሪዎችን ሲከለክል የኖረ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ተቋሙን ከመዘጋት ያዳነ መሆኑን የሚረዳ ኃላፊ፣ ሰጪው በሕይወት ሳለ በሰነዱ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጨመር ይጠይቃል፤ ይኸውም የተባለው ዓላማ ወደፊት ሊፈጸም የማይችል ቢሆን፣ ቦርዱ ገንዘቡን ለሰጪው ሐሳብ ይበልጥ ለሚቀርበው አገልግሎት እንዲያውል የሚፈቅድ ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር ከሌለ፣ ለውጡን ለማግኘት በአብዛኛው ፍርድ ቤት መቅረብ ግድ ይሆናል።