የቦሩ ሜዳ ትዳር በየትኛው ሕግ፣ በማን ጠበቃ?

ቦሩ ሜዳ ሲባል ቶሎ የሚነሳው የ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ነው። አፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ የተገኙበት፣ የሃይማኖት ክርክር የተፈረደበት፣ የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ የታዘዙበት። ኢማም መሐመድ ዓሊ "ሚካኤል" የተባሉት ያኔ ነው። ብዙ የተጻፈው ስለ ዙፋኑ ነው፤ ትእዛዙ ግን ጓዳ ድረስ የሚገባ ነበር። ማን በምን ሥርዓት ያገባል፣ በምን ይፋታል፣ ማን ይወርሳል የሚለው ሁሉ ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ነውና። በወሎ ደግሞ በአንድ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመዳሞች ማግኘት ብርቅ አይደለም።

በ1936 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 62 ወጣ። የሙስሊሙ ጋብቻ፣ ፍቺና ውርስ በቃዲና በናኢባ ፍርድ ቤቶች እንዲታይ በሕግ ታወቀ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አደረገው፤ የፍቺን ጉዳይም ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጠ። ይህ አሠራር አንድ መልካም ነገር ነበረው፦ ጠበቃ አያስፈልግም። ሽማግሌው ሰፈር ውስጥ ነው፣ ቋንቋውም የሰፈር ነው። ችግሩ ሽማግሌው ብዙ ጊዜ የባል አጎት ወይም የባል የማኅበር ጓደኛ መሆኑ ነው። ሴቲቱ አስታራቂ ያለችው ሰው ፈራጅዋም ነበር።

ይህን የቀየረው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን አወጣ። ባልና ሚስት እኩል ሆኑ፣ ፍቺ የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ተሰጠ፣ ሽማግሌ ወደ ማስታረቅ ብቻ ተመለሰ። ትልቅ ድል ነው፣ አከራካሪ አይደለም። ግን ብዙ ያልተወራለት ውጤት አለው። ሕጉ ለሴቲቱ በተሻለ ቁጥር ጉዳዩ ወደ ፋይልና ቀጠሮ ሄደ። የጋራ ንብረቱን በማስረጃ መለየት፣ የልጅ ቀለብ መጠየቅ፣ መልስ ሲመጣ መልስ መስጠት፣ ይግባኝ። ይህን ራፖር ጸሐፊ አንድ ገጽ ጽፎ አይጨርሰውም። ጠበቃ ያስፈልጋል፤ ጠበቃ ደግሞ ደሴ ከተማ ነው፣ ክፍያውም ቅድሚያ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በወንጀል ለተከሰሰ፣ የመክፈል አቅም ለሌለው ሰው፣ ፍትሕ የሚጓደል ሲሆን መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። ቤቷን ለምትከራከር ሚስት እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለም። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ "በደሃ ደንብ" መክሰስ ይቻላል፤ የሚቀርላት ግን የዳኝነት ክፍያው እንጂ የጠበቃው አይደለም። ክፍተቱን የሚሞሉት እንደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የሕግ ትምህርት ቤቶች የነጻ የሕግ ድጋፍና የኢትዮጵያ የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ዓይነት ተቋማት ናቸው። ማኅበሩ ለቤተሰብ ሕጉ መሻሻል በግንባር ቀደምነት ከታገሉት አንዱ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎትና ማኅበራት አዋጅ በመብት ላይ የሚሠሩትን ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ ግን አቅሙ ተመናመነ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ነው። በእነዚያ አሥር ዓመታት ስንት ሴት ያለ ጠበቃ ችሎት እንደቆመች መገመት አያዳግትም።

ለቦሩ ሜዳዋ ሙስሊም ሴት ደግሞ ከክሱ በፊት አንድ ውሳኔ ይጠብቃታል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳይዋን የሚያየው ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ብቻ ነው። ይህ ባዶ ቃል አይደለም፤ በ2000 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያለ ፈቃድ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተወሰነ የውርስ ጉዳይን ውድቅ አድርጎታል። ከዚያ በፊት ግን ባለጉዳዮቹ የፍርድ ቤቱን እርከኖች ሁሉ ወጥተዋል። ስለዚህ "ተስማምቻለሁ" ብላ ከመፈረሟ በፊት ምን እንደምታገኝና ምን እንደምታጣ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። የአንድ ሰዓት ምክር ነው፤ ከሙሉ ጥብቅና በእጅጉ ይረክሳል፣ በነጻም ይገኛል። መፈለግ ያለበት ግን ከፊርማው በፊት ነው።