በእጅ ያለ ወርቅ፦ የእናቶቻችን ሸክላና የጥንታዊ ዕቃዎች ገበያ



«በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን አባባል ያስታወሰን በየዓመቱ የጥንት ዕቃ ሻጮችና ሰብሳቢዎች በሚገናኙበት አንድ ትርዒት ላይ ያየነው ነገር ነው። ወደ ትርዒቱ የሄድነው ለመግዛት አልነበረም፤ ለማየት ብቻ ነበር። ከብር መቅረዞች፣ ከአሮጌ ሰዓቶችና ከሥዕሎች መካከል፣ በአንድ ጠረጴዛ ጥግ ላይ አንድ ጀበና፣ ሁለት ትናንሽ የሸክላ ምስሎችና አንድ መሶብ ተቀምጠው አገኘን። በአጠገባቸው ያለው ወረቀት «ጥንታዊ፣ ኢትዮጵያ» ከማለት በቀር ሌላ አይልም። ማን ሠራቸው? በየትኛው መንደር? በስንት ዓመት? በማን እጅ አልፈው እዚህ ደረሱ? ሻጩን ብንጠይቀው እሱም አያውቅም።

አብረውን የነበሩ አንዲት እናት ጀበናውን አነሡ፤ ገልብጠው ታችኛውን አዩ፤ ከዚያም አፉን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። «ልጆቼ፣ በዚህ ቡና ፈልቶበት አያውቅም» አሉን። የተጠየቀበት ዋጋ ግን የብዙ ዘመን ዕቃ ዋጋ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው ነው። ዕቃዎቻችን በገበያ ላይ ዋጋ ማግኘት ጀምረዋል፤ ታሪካቸው ግን ከዋጋቸው ተለይቶ እየቀረ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የአገራችን ዕቃዎች ወደ ሰብሳቢዎች እጅ የገቡበትን መንገድ፣ ቀጥሎም አዲስ ሰብሳቢም ሆነ ነባር ሰብሳቢ ሊያውቀው የሚገባውን፣ በመጨረሻም በየቤታችን ልናደርገው የሚገባንን እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ጥንታዊ» የሚባለው ምንድን ነው?

በንግዱ ዓለም አንድ ዕቃ «አንቲክ» ለመባል ቢያንስ 100 ዓመት ሊሞላው ይገባል የሚል ልማድ በብዙ አገሮች አለ። በለንደን በግሮቭነር ሃውስ በ1934 የተጀመረውና በ2009 ያበቃው ታዋቂ የጥንት ዕቃዎች ትርዒት፣ ዕቃዎቹ ለገዢ ከመቅረባቸው በፊት በአዋቂዎች ይመረመሩበት ነበር። ገዢው የሚከፍለው ለዕቃው ብቻ ሳይሆን ለዚህ ምርመራም ጭምር ነው። በእስራኤል ደግሞ በ1978 የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ በመሠረቱ ከ1700 በፊት በሰው እጅ የተሠራውን ሁሉ ጥንታዊ ቅርስ ይለዋል፤ በእንዲህ ያለው ዕቃ ለመነገድም ፈቃድ ያስፈልጋል።

በእነዚህ መለኪያዎች ስንመዝነው፣ እናቶቻችን ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ የሠሩት ገንቦና ጀበና ጥንታዊ አይባልም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። የሠሪዎቹ መንደሮች ባዶ ሆነዋል፤ ሙያውን የሚያውቁት እጆች አርጅተዋል። ስለዚህ 100 ዓመት ሳይሞላው የማይተካ የሆነ ዕቃ አለ ማለት ነው። የዕድሜ መለኪያ ብቻውን ለእኛ ዕቃ አይበቃም።

ከመቅደላ እስከ ጨረታ አዳራሽ

የኢትዮጵያ ዕቃዎች በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ መፈለግ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ገብቶ ጎንደር ድረስ ከተጓዘ በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ የግዕዝ መጻሕፍትን ይዞ ሄዷል። ከእነዚህም መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይገኙበታል። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍትን ሰብስቧል፤ ዛሬ የሚገኙት በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው።

እነዚህ በግዢ ወይም በስጦታ የተገኙ ናቸው ቢባል እንኳ፣ በመቅደላ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። አፕሪል 13 ቀን 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሰዉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ያከማቹት መጻሕፍት፣ ዘውድ፣ ጽዋና ልብስ ተዘረፈ። ዕቃውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። አፕሪል 20 እና 21 ቀን ዕቃው በደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምዝ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር፤ ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከመቅደላ የተወሰዱ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት አሁንም በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

ያ ሐራጅ ከ150 ዓመት በላይ ቢያልፈውም ፍጻሜ አላገኘም። በ2021 ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎች በእንግሊዝ አገር እንደገና ለጨረታ ቀርበው ነበር። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጥያቄ በማቅረቡ ከጨረታው ተነሡ፤ በኋላም አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገዝቷቸው በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ መለሳቸው። ዕቃዎቹ ሊመለሱ የቻሉት ከየት እንደ መጡ ስለ ታወቀ ነው። ታሪኩ ያልተጻፈ ዕቃ ግን ቢዘረፍም ቢሸጥም ጠያቂ የለውም።

እጃቸው የኖረበት ሙያ

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ቤተ እስራኤል በእጅ ሙያ የታወቁት ለምንድን ነው? በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ከተደረገው ጦርነት በኋላ አባቶቻችን ርስታቸውን እንዳጡ ይነገራል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ደግሞ በስሜን የነበረው ኃይላቸው ተሰበረ። ርስት የሌለው ሰው የሌላውን መሬት እያረሰ እኩሉን ወይም ሲሶውን ይከፍላል፤ አለዚያም በእጁ ሙያ ይኖራል። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመንም በግንበኝነትና በአናጢነት አገለገሉ። ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ።

እዚህ ላይ የሚያሳዝን ነገር አለ። ማረሻውንና ማጭዱን የሚቀጠቅጠው አባት ብዙውን ጊዜ የራሱ ርስት አልነበረውም። ጎረቤቱ በእሱ ማረሻ አርሶ፣ በሚስቱ ድስት ወጥ ሠርቶ፣ በእሷ ጀበና ቡና አፍልቶ እየጠጣ፣ ሠሪዎቹን ግን «ቡዳ» እያለ ይፈራቸው ነበር። ቅዳሜ ገበያ ስለማይወጡም በሌላ ቀን ሸክላቸውን በጀርባቸው አዝለው ረጅም መንገድ ይሄዱ ነበር። ስለዚህ ዛሬ በመስታወት ውስጥ «የእጅ ጥበብ» ተብሎ የሚታየው ገንቦ ለሠሪዋ የዕለት እህል ነበር፤ የስድብም ምክንያት ነበር። ሁለቱንም ሳያውቅ ገንቦውን የሚያደንቅ ሰው እኩሉን ብቻ ያያል።

አሠራሩን ላላዩት ልጆቻችን ባጭሩ እንንገራቸው። አፈሩ ይቆፈራል፣ ይደቃል፣ ይነፋል፣ በውሃ ይቦካል። የሚሽከረከር መሣሪያ የለም፤ ጭቃው በእጅ እየተድቦለቦለና እየተቀጠለ ይቆማል፤ ከዚያ ይለሰልሳል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ሜዳ ላይ በእሳት ይተኮሳል። በዚህ ጊዜ ብዙው ይሰነጠቃል። የተረፈው ነው ወደ ገበያ የሚወጣው።

የወለቃ ምስሎች

በትርዒቱ ላይ ያየናቸው ሁለት ትናንሽ ምስሎች ሌላ ታሪክ አላቸው። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን በቅርብ ርቀት ወለቃ የምትባል መንደር አለች። ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የውጭ አገር ጎብኚዎች ወደ ጎንደር መምጣት ሲያበዙ፣ የወለቃ ሴቶች ከድስትና ከገንቦ ሌላ ለጎብኚ የሚሆኑ ምስሎችን መሥራት አበዙ፦ የይሁዳ አንበሳ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ የዳዊት ኮከብ ያለበት ዕቃ። ይህ ጥበባቸውን ያጎድፋል እንዴ? አያጎድፍም። ገዢው ሲለወጥ ሥራውን የለወጠች ብልህ ሴት የሠራችው ነው። ነገር ግን እነዚህን ምስሎች የብዙ መቶ ዓመት ሃይማኖታዊ ዕቃ አድርጎ መሸጥ ውሸት ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ቤተ እስራኤል ከወለቃ ከወጡ በኋላ፣ በመንደሩ የቀሩት ጎረቤቶች እነዚያኑ ምስሎች እየሠሩ መሸጥ ቀጠሉ። ስለዚህ የዳዊት ኮከብ ያለበት ሸክላ ሁሉ የቤተ እስራኤል እጅ የሠራው አይደለም።

ምን መጣ? ምን ቀረ?

ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በዘመቻ ሙሴ የመጡት ወገኖቻችን በእግራቸው ሱዳን የገቡ ናቸው። ሕፃን አዝሎ በሌሊት የሚሄድ ሰው እንስራ ሊሸከም አይችልም። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሲመጡም፣ አውሮፕላኑ የተሞላው በሰው እንጂ በዕቃ አልነበረም። በመሆኑም እዚህ ያለን ጥቂት ነው። ጥቂት በመሆኑም ይበልጥ ልንጠነቀቅለት ይገባል።

ካመጣናቸው ዕቃዎች ዋነኛው መጽሐፍ ነው። ቄሶቻችን ብዙ ነገር ትተው ኦሪታቸውን ተሸክመው መጥተዋል። ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች ከ1904 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ እየተመላለሱ የሰበሰቧቸው መጻሕፍት በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ኦሪትን የሚያጠኑ ተማሪዎችና ምሁራን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉ ሁለት የኦሪት መጻሕፍት እዚሁ እስራኤል ውስጥ በማኅበረሰባችን እጅ መኖራቸውን በ2023 አስታውቀዋል። ከ500 ዓመት በላይ የሆነው መጽሐፍ የተገኘው በጨረታ ሳይሆን በራሳችን ሰዎች እጅ ነው።

ለሰብሳቢዎች

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ አዲስ ሰብሳቢ ከዋጋው በፊት የዕቃውን መነሻ ይጠይቅ። ከየት መንደር፣ ከማን፣ መቼ እንደ ተገዛ የሚናገር አንድ ቁራጭ ወረቀት ከዕቃው ውበት ይበልጣል።

ሸክላ ሲገዙ ታችኛውን ይመልከቱ። ምድጃ ላይ የኖረ ድስት ጥቀርሻው ወደ ውስጥ የጠለቀ ነው፤ የተሟሸ ምጣድ ፊቱ በጎመን ዘር ታሽቶ ጠቁሮና ለስልሶ ይታወቃል፤ እጀታው እጅ በያዘው በኩል ያልቃል። ይሁን እንጂ ጥቀርሻን ሆን ብሎ ማስያዝም ስለሚቻል፣ ሸክላ የምታውቅ እናት ብታዩት ትሻላለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ገበያ ነው።

ነባር ሰብሳቢዎች ደግሞ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ከመጽሐፍ ተቆርጦ የወጣ ነጠላ የብራና ቅጠል አትግዙ። ገዢ በተገኘ ቁጥር ሌላ መጽሐፍ ይቀደዳል። የኢትዮጵያ ሕግም፣ በተለይ በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 209፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ፈቃዱን የማያሳይ ሻጭ ካጋጠማችሁ ዕቃው ምንም ያህል ቢያምር ትታችሁት እለፉ።

ለቤተሰቦች

ከትርዒቱ ስንመለስ እኚያ እናት በመንገድ ላይ አንድ ነገር አጫወቱን። ቤታቸው ከማቀዝቀዣው በላይ የእናታቸው ጀበና ተቀምጧል። አንገቱ ተሰንጥቋል። ዘግይቶ የመጣ ዘመድ በጋቢ ጠቅልሎ ያመጣላቸው ነው። የልጅ ልጃቸው ቤት ስታጸዳ «አያቴ፣ ይህን የተሰበረ ነገር ልጣለው?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ የነገራት ሰው ስለሌለ ነው።

ስለዚህ ውድ ቤተሰቦች፣ መሸጥ ኃጢአት ነው አንልም፤ ችግር ያለበት ይሸጣል፣ መብቱም ነው። ነገር ግን ከመሸጣችሁ፣ ከመስጠታችሁ ወይም ከመጣላችሁ በፊት አንድ ሰዓት ስጡት። ፎቶግራፍ አንሡት። የሠራችው ማን ናት? መንደሩ የት ነው? ለምን ያገለግል ነበር? በማን እጅ መጣ? ይህን በአማርኛም በዕብራይስጥም ጽፋችሁ ከዕቃው ጋር አኑሩ። ጠያቂው ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ይሁን፤ መልሱን የሚሰጠውም እናት ወይም አያት ይሁን። ተመራማሪዎችም ቢሆኑ ዕቃውን ወስደው ከማጥናታቸው በፊት ባለቤቷን ቁጭ ብለው ያዳምጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እኚያ እናት ቤት ሄድን። ጀበናው ከማቀዝቀዣው ላይ ወረደ። እሳቸው ተናገሩ፣ የልጅ ልጃቸው ጻፈች። የመጀመሪያው መስመር የቅድመ አያቷ ስም ነበር፤ ሁለተኛው «አምቦበር» የሚል ነበር። ልጅቷ ጽፋ ስትጨርስ ጀበናውን አንሥታ አሸተተችው። የቡና ሽታ አሁንም አለው።