ሰረጣን፦ የቀደምት ሙስሊም ሐኪሞች ስለ ካንሰር የተዉልን ምክር



የኢብን ሲናና የአል-ዘህራዊ ስም ሲነሳ ሁላችንም «ማሻአላህ» እንላለን፤ ሼርም እናደርጋለን። ምን እንደጻፉ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ዛሬ ስለ ካንሰር የጻፉትን እንመልከት። የተሳሳቱበት ነገር አለ። ትክክል የነበሩበት ነገር ደግሞ ዛሬም የሰው ሕይወት ያድናል።

▪️ስሙ

ካንሰር በዐረብኛ «ሰረጣን» ይባላል፤ እኛ «ሸርጣን» የምንለው የውሃ እንስሳ ስም ነው። ስያሜው የተጀመረው ከግሪኮች ነው። ጋሊኖስ የተባለው ሐኪም በዕጢው ዙሪያ ያበጡትን ደም ሥሮች ከሸርጣን እግሮች ጋር አመሳስሏቸው ነበር። «ካንሰር» የሚለው የላቲን ቃልም ያው ሸርጣን ማለት ነው። በአገራችን «ነቀርሳ» የሚለው ስም ለካንሰርም ለቲቢም ስለሚውል ሰው ያደናግራል። ቲቢ በባክቴሪያ የሚመጣና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። ካንሰር ግን በመነካካት፣ አብሮ በመብላት ወይም በመሳል አይተላለፍም።

▪️ሦስቱ ሐኪሞች

አቡል ቃሲም አል-ዘህራዊ (936–1013 እ.ኤ.አ.) በአንዱሉስ፣ በቁርጡባ አቅራቢያ የኖሩ ታላቅ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ናቸው። «አት-ተስሪፍ» የተባለው መጽሐፋቸው 30 ክፍሎች አሉት፤ የመጨረሻው ስለ ቀዶ ሕክምና ነው። እዚያ ውስጥ ስለ ካንሰር ሲጽፉ ዕጢው ገና ትንሽ ከሆነና ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ሊወጣ የሚችልበት ቦታ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጡት ላይ፣ ቀዶ ሕክምና ይሞከር ይላሉ። ከቆየና ካደገ በኋላ ግን እሳቸውም አድነው እንደማያውቁ፣ ሌላ ሰው ሲያድንም እንዳላዩ በግልጽ ይናገራሉ። የዘመናቸው ትልቁ የቀዶ ሐኪም ይህን ሲጽፉ አላፈሩም።

ኢብን ሲና (980–1037 እ.ኤ.አ.) በ«አል-ቃኑን ፊጥ-ጢብ» ውስጥ ተመሳሳይ ምክር ሰጥተዋል፦ ካንሰሩ ገና ሲጀምር ይያዝ፤ የሚቆረጥ ከሆነ ምንም ሳይተርፍ ከዙሪያው ጭምር ይወገድ። ይህ መጽሐፍ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጦለይጦላ (ቶሌዶ) ውስጥ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ለዘመናት ተምሮበታል።

የኢሽቢሊያው ኢብን ዙህር (በ1162 እ.ኤ.አ. ያረፉት) ደግሞ የምግብ ቧንቧ ካንሰርን ገልጸዋል። በሽታው በቀላል ሕመምና በትንሽ የመዋጥ ችግር ይጀምርና ቀስ በቀስ ምንም እስከማያስውጥ ይደርሳል። ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ በአርሲና በባሌ ይህ ካንሰር በብዛት ይታያል። በጣም ትኩስ ነገር የመጠጣት ልማድ ለዚህ በሽታ ሊያጋልጥ እንደሚችል የዘርፉ ተመራማሪዎች ያስጠነቅቃሉ።

▪️የተሳሳቱበት

መንስኤውን በተመለከተ ከግሪኮች የወረሱትን ሐሳብ ተቀብለው ነበር፤ ካንሰር የሚመጣው «ጥቁር ሐሞት» በሰውነት ውስጥ ሲበዛ ነው ይሉ ነበር። ይህ ስህተት መሆኑ የተረጋገጠው ማይክሮስኮፕ ከተፈለሰፈ በኋላ ነው። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርቾ በ1858 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ማንኛውም ሴል ከሌላ ሴል እንደሚወለድ አስረዳ። የካንሰር ሴልም የራሳችን ሴል ልጅ ነው።

▪️ታዲያ ካንሰር ምንድን ነው?

የሰውነታችን ሴሎች በሥርዓት ይባዛሉ፤ ያረጁትና የተበላሹት ይሞታሉ። ትእዛዙ ያለው በሴሉ ውስጥ ባለው ዘረመል (ዲኤንኤ) ላይ ነው። ዘረመሉ በተደጋጋሚ ሲጎዳ ሴሉ «አቁም» የሚለውን ትእዛዝ አይሰማም፤ መሞት ሲገባው ይባዛል። ተጠራቅሞ ዕጢ ይሆናል። ዕጢ ሁሉ ግን ካንሰር አይደለም። ካንሰር የሚሆነው አጠገቡ ያለውን አካል ሰርስሮ ሲገባና በደም ወይም በሊምፍ መስመር ወደ ጉበት፣ ሳንባና አጥንት ሊሰራጭ ሲችል ነው። አል-ዘህራዊ «የቆየውን አድኜ አላውቅም» ያሉበት ምክንያት ይኸው ነው፤ የሚታየውን ዕጢ ቢቆርጡም ያልታየው ሄዷል።

▪️መንስኤዎቹ

ዕድሜ ሲጨምር የዘረመል ጉዳትም ይጠራቀማል። ጥቂቱ በዘር ይወረሳል። ሌላው ከውጭ የሚመጣ ነው፦ ትምባሆ፣ አልኮል፣ ጨረር፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የጉበት ቫይረሶች (ሄፓታይተስ ቢና ሲ)። ወንድሜ ሆይ! ሺሻ በውሃ ውስጥ ስላለፈ የተጣራ አይምሰልህ፤ መርዙ አብሮ ይገባል።

የማህፀን በር ካንሰር በአብዛኛው የሚመጣው ኤችፒቪ ከተባለ ቫይረስ ነው። በግንኙነት ቢተላለፍም እጅግ የተለመደ ስለሆነ ከባሏ ሌላ የማታውቅ ሴትም ሊይዛት ይችላል። ስለዚህ በታመመች እህት ላይ ክፉ ጥርጣሬ (ሱኡ ዘን) አይገባም። ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በመስጠት ተጀምሯል፤ እህትህ ተራዋ ሲደርስ እንዳታስቀራት።

▪️ምልክቶቹ

• ጡት ላይ ወይም ሌላ ቦታ ላይ የወጣ እብጠት፣ ባያምም
• ከወር አበባ ውጭ ወይም ካረጡ በኋላ የሚፈስ ደም
• ለመዋጥ መቸገር
• የማይለቅ ሳል ወይም ደም የቀላቀለ አክታ
• በሰገራ ወይም በሽንት ውስጥ የሚታይ ደም
• የማይድን ቁስል፣ መልኩን የቀየረ ማርያም ስሞሽ
• ያለ ምክንያት መክሳት

እነዚህ ሁሉ ሌላ ቀላል ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል። የሚለየው ግን ምርመራ ነው። «አያመኝም» ማለት ደህና ነኝ ማለት አይደለም፤ ካንሰር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ አያምም።

▪️ለእኛ

እናቶቻችን በሐያእ የተነሳ ጡታቸው ላይ ያለውን እብጠት ለወራት ይደብቃሉ። አንዳንዱ ቤተሰብ በሽታው ከታወቀ በኋላም «መጀመሪያ ሩቅያ ይደረግላት፣ መድኃኒት ቅጠል ትጠጣ» እያለ ያቆያል። ሩቅያም ዱዓም ሐቅ ናቸው፤ ሐኪም ቤት ለመሄድ ግን አይከለክሉም። ሰሓቦች ሕክምና እንፈልግ ወይ ብለው ሲጠይቁ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንዲታከሙ አዘዋቸዋል፤ አላህ መድኃኒት ሳያወርድለት ያወረደው በሽታ እንደሌለም ነግረውናል። ቀደርን ማመን ሰበብን መተው አይደለም። ሐያእ ያስቸገራት እናት ሴት ሐኪም እንድታያት መጠየቅ ትችላለች።

አል-ዘህራዊ ዘመናዊ ማደንዘዣ፣ ጨረርና ኬሞቴራፒ ሳይኖራቸው «ትንሽ ሳለ ያዙት» ብለዋል። እኛ ሁሉም እያለን የምናረፍድ ከሆነ በእነሱ የምንኮራው በምናችን ነው? ዛሬ ቤት ስትገቡ እናታችሁን በለሆሳስ ጠይቋት፦ «እማዬ፣ የደበቅሽን ነገር አለ?»

አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ በዚህ በሽታ ያጣናቸውን ይዘንላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።