የዋናው አዳራሽ ደረጃ፣ ጋምብል ቤት

የበርማ ቲክ እንጨት፣ የዞጲ ውታፎች
1908–1909 (እ.ኤ.አ.)፣ ፓሳዲና፣ ካሊፎርኒያ
ንድፍ፦ ቻርልስ ግሪን እና ሄንሪ ግሪን፤ ግንባታ፦ ፒተር ሆል

ቤቱ የተሠራው በሲንሲናቲ በሳሙና ንግድ ለበለጸጉት ዴቪድና ሜሪ ጋምብል የክረምት ማረፊያ እንዲሆን ነው። ይህ ደረጃ ከአዳራሹ ወደ መኝታ ክፍሎቹ ያወጣል።

ጠጋ ብለው መጋጠሚያዎቹን ይመልከቱ። የእጅ መደገፊያው ወጥ ሆኖ አያዘነብልም፤ ከመርገጫዎቹ ጋር እርከን በእርከን ይወጣል። ሳንቃዎቹ ጥግ ላይ እንደ ተጠላለፉ ጣቶች ተሰካክተዋል። ጠርዞቹ በሙሉ ተድበልብለው ስለለሰሉ እጅ ሲያርፍባቸው አይቆረቁሩም። ሌሎች ግንበኞች በጌጥ የሚሸፍኑትን መጋጠሚያ የግሪን ወንድማማቾች ራሱን ጌጥ አድርገውታል፤ የዚህ ደረጃ ትልቁ ውበትም ይኸው ነው። ሁለቱም በወጣትነታቸው በሴንት ሉዊስ የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት የእንጨትና የብረት ሥራ ተምረዋል።

ሥራው በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረው የአርትስ ኤንድ ክራፍትስ እንቅስቃሴ አካል ነው። እንቅስቃሴው ከፋብሪካ ምርት ይልቅ የእጅ ባለሙያውን ክብር ያስቀድም ነበር። ወንድማማቾቹ ከጃፓን የእንጨት ሕንፃዎችም ተምረዋል።

ቤተሰቡ ቤቱን በ1966 (እ.ኤ.አ.) ለፓሳዲና ከተማ አስረክቧል።