መቀስ ሲስት

በስህተት የተቆረጠ ጨርቅን መልሶ ማዳን ዛሬ የጀማሪ ልብስ ሰፊ ጣጣ ተደርጎ ይቆጠራል። ጎበዝ ሰፊ አይስትም፣ ከሳተም ሌላ ጨርቅ ይገዛል የሚለው አስተሳሰብ ሥር ሰዷል። የሙያው ታሪክ ግን ከዚህ ጋር አይስማማም። ከሦስትና ከአራት መቶ ዓመት በፊት የአውሮፓ ሰፊዎች የተዉልን መጻሕፍትና ልብሶች እንደሚመሰክሩት፣ የተቆረጠን መልሶ መግጠም የሙያው እምብርት እንጂ የነውር መሸፈኛ አልነበረም። ማሳፈር የጀመረው ጨርቅ ሲረክስ ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ጨርቁ የማን እንደነበር መጠየቅ ይበቃል። በዚያ ዘመን ደንበኛው ጨርቁን ራሱ ከነጋዴ ገዝቶ ለሰፊው ያመጣ ነበር። የልብሱ ዋጋ አብዛኛው ያረፈው በጨርቁ ላይ ሲሆን የሰፊው የእጅ ዋጋ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ስለዚህ መቀሱ ሲስት የሚጠፋው የሰው ንብረት ነው። በዚያ ላይ የሐር ጨርቅ ጠባብ ነበር፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተለመደው ስፋት ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ከእንዲህ ያለ ጨርቅ ሰፊ ቀሚስ ሳይቀጥሉ ማውጣት አይታሰብም። ስፔናዊው ሰፊ ሁዋን ደ አልሴጋ እ.ኤ.አ. በ1580 ማድሪድ ላይ ያሳተመው የልብስ ቅድ መጽሐፍ ይህንኑ ጭንቀት ከገጽ ገጽ ያሳያል። ርዕሱ ውስጥ የገባው ጂኦሜትሪ የሚለው ቃል ለጌጥ አልተቀመጠም፤ መጽሐፉ ጨርቁ ይህን ያህል ርዝመትና ስፋት ካለው የልብሱ ክፍሎች እንዴት ተጠጋግተው እንደሚቀመጡ በሥዕል ያስተምራል። ካባው ከጨርቁ ስፋት ሲያልፍ የጎደለው ጥግ ከተረፈው ቁራጭ ይሞላል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል፦ አስቦ መቀጠልና ስቶ መቁረጥ አንድ አይደሉም። እውነት ነው፣ በሐሳብ ደረጃ ይለያያሉ። በተሰፋው ልብስ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይለዩም። እንግሊዛዊቷ የአልባሳት ታሪክ ተመራማሪ ጃኔት አርኖልድ በየሙዚየሙ ያሉ ጥንታዊ ልብሶችን ክር በክር እየለካች ቅዳቸውን በወረቀት ላይ ስታሰፍር፣ ቅጣዮቹን ሁሉ አብራ አስፍራለች። ብብት ሥር የገባች ትንሽ ሦስት ማዕዘን፣ በእጅጌ ጫፍ የተቀጠለች ቁራጭ፣ በቀሚስ እጥፋት ውስጥ የተደበቀ ስፌት እናያለን። ከነዚህ የትኛው ጨርቅ ስላነሰ፣ የትኛው መቀስ ስለሳተ እንደገባ ልብሱ አይናገርም። አይናገርም ማለት ደግሞ ሰፊው ለሁለቱም ያው አንድ መፍትሔ ነበረው ማለት ነው፤ ጨርቅ በጎደለ ጊዜ የሚቀጥለው እጅ መቀስ በሳተም ጊዜ ይደርሳል። ይህ የድሆች ልብስ ነው የሚል ካለ፣ በሙዚየም ተጠብቆ የቆየው በአብዛኛው የባለጸጎች ሐርና ከፋይ መሆኑን ያስታውስ። የድሃው ልብስ እስኪያልቅ ተለብሶ ጠፍቷል።

ፈረንሳዊው ጋርሶ በ1769 ስለ ልብስ ስፌት ባወጣው መጽሐፍ አንድ ሰፊ ሊያውቃቸው የሚገቡትን የስፌት ዓይነቶች ሲዘረዝር፣ ሁለት ጠርዝ እንዳይታይ አድርጎ የሚያገጥመውን ስፌት ከሌሎቹ እኩል አስቀምጦታል። አሠራሩ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የዘመኑ ምርጥ ሱፍ ከተሸመነ በኋላ በውሃ እየተወቀጠ ስለሚጠብቅ ሲቆረጥ አይተረተርም። ሰፊው ሁለቱን ጠርዞች ሳያጥፍና ሳይደርብ አፍ ለአፍ ያጋጥማል። በቀጭን መርፌና በቀጭን ክር በጨርቁ ውፍረት ውስጥ ብቻ እየተመላለሰ ይጠቅመዋል፤ ክሩ ወደ ገጹ አይወጣም። ከዚያም በመርፌው ጫፍ የሱፉን ጸጉር ከግራና ከቀኝ እየሳበ ስፌቱን ያለብሰዋል፣ በካውያም ይተኩሰዋል። ጨርቁ ወፍራም ከሆነና እጁ ከቀና፣ ስፌቱን በዓይን ማግኘት ይቸግራል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የሥነ ምግባሩ ነው፦ የማይታይ ጥገና ማታለል አይደለምን? ጥያቄው በዘመኑም ተነስቷል። የ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ኢንሳይክሎፒዲያዎች እንደጻፉት፣ አንዳንዶች የአገር ውስጥ ጨርቅን ጫፍ ቆርጠው በውጭ አገር ጨርቅ ላይ በዚሁ ስፌት እያጋጠሙ ቀረጥ ያመልጡ ነበር። ዘዴውን በፈረንሳይ ያጋለጠው የንግድ መዝገበ ቃላቱ በ1723 የታተመለት የጉምሩክ ሹም ሳቫሪ ነው ይላሉ። ማታለል በእርግጥ ነበር። ነገር ግን የጉምሩክ ሹምን ዓይን የሚያመልጥ ስፌት በብዙዎች እጅ ባይኖር ኖሮ ወንጀሉም ባልታሰበ ነበር። ጥፋቱም ጨርቁን ያልሆነውን ነው ብሎ በመሸጥ ላይ እንጂ በመርፌው ላይ አይደለም። ደንበኛው እያወቀ የራሱን ጨርቅ የሚያድንለት ሰፊ ማንንም አላታለለም።

ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የሽመና ሥራው ወደ ፋብሪካ ገባ፣ ጨርቅ ረከሰ፤ የሃው የስፌት መኪና በ1846፣ የሲንጀር ደግሞ በ1851 የፈጠራ መብት አገኙ፤ የተሰፋ ልብስም ከሱቅ መገዛት ጀመረ። የሰው ጉልበት ከጨርቁ ሲወደድ ለአንዲት ቁርጥ ግማሽ ቀን መቀመጥ ኪሳራ ሆነ። ኪሳራ የሆነውን ነገር ደግሞ ሰው ቀስ በቀስ ነውር ብሎ ጠራው። ሙያው ፈጽሞ አልጠፋም፤ በእንግሊዝ የሱፍ ፋብሪካዎች የሽመና ስህተት በመርፌ የሚያርሙ ሴቶች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ተቀጥረው ሠርተዋል። ከተራው ሰፊ እጅ ግን ወጣ።

በእኛ አገር ጋቢውና ኩታው ከሸማኔው እንደወጣ ጠርዝ ለጠርዝ ተሰፍቶ ስለሚለበስ መቀስ ብዙም አያሰጋውም። ሆኖም ስህተትን በግልጽ የመጠገን ልማድ በብራና ሥራ ላይ ሞልቷል። የተወጠረ ቆዳ ሲፋቅ ስለቱ ከሳተ ቀዳዳው በውጥረቱ ኃይል ይሰፋል። ፋቂው በክር ወይም በጅማት ይሰፋዋል፣ ቁም ጸሐፊውም ስፌቱን እየዞረ ይጽፋል። ቅዱስ መጽሐፍ በተሰፋ ገጽ ላይ ሲጻፍ ማንም አላፈረም። ዛሬም ጥበቡ በእጅ የተሸመነ የሐበሻ ቀሚስ ሲቀደድ፣ ሁኔታው ከአልሴጋ ዘመን ጋር አንድ ነው፦ ጨርቁ ውድ ነው፣ ባለቤቱም ደንበኛው ነው። ስለዚህ ልብስ የምታሰፉ ሁሉ ከቅዱ የተረፈውን እራፊ ከሰፊው ተቀብላችሁ አስቀምጡ፤ መቀስ ቢስት ወይም ልብሱ በኋላ ቢቀደድ በቀለምም በድርም የሚገጥመው እሱ ብቻ ነው። የስፌት ማሠልጠኛዎችም ከመኪናው ጎን ለጎን ጠርዝ ለጠርዝ የሚያገጥመውን የእጅ ስፌት ያስተምሩ።